ግራው ጮኸ፣ የታመመው ቀኙ፦ የአንዲት ኮሮላ የፊት ጎማ ጉዳይ

ይህን ለምን እንደጻፍኩት

ጤነኛ ኩሽኔታ (ጎማው መሃል ገብቶ በቀላሉ እንዲሽከረከር የሚያደርገው የብረት ቀለበት) አውጥተን ጣልን። በምትኩ አዲስ ገዝተን በመዶሻ ቀጥቅጠን አስገባን። የታመመው ኩሽኔታ ደግሞ ይህን ሁሉ ጊዜ በሌላኛው የፊት ጎማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቀን ነበር። ነገሩ ባጭሩ ይሄው ነው።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ ግን መኪና የተበላሸበት ሰው መጀመሪያ የሚደውለው ለእኔ ነው፤ መፍቻ ስላለኝና ምክር ስለማልሰስት። በዚህ ጉዳይ «ግራ ነው» ብለው ከፈረዱት ሦስት ሰዎች አንዱ ነኝ። ስለዚህ በማንም ላይ ለመሳቅ አይደለም የምጽፈው። የማንንም ስም አልጠራም። ባለመኪናው ጎረቤቴ ፈቅዶልኛል፣ «የኔን ሞኝነት ከጻፍክ ያንተንም ጻፍ» ብሎ።

መኪናዋና መንገዱ

መኪናዋ የ2004 እ.ኤ.አ. ሥሪት ቶዮታ ኮሮላ ናት። ሞተሩ የሚነዳው የፊት ጎማዎቹን ነው። ጎረቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ይኖራል፣ ሥራው ሐረር ነው፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን ይመላለሳል።

መንገዱን ለማያውቅ ሰው፦ ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ከከተማ ወጥተህ የደንገጎን ጠመዝማዛ ትወጣለህ፣ በአዴሌ አድርገህ ሐረማያ ስትደርስ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ነህ። ቀጥሎ አወዳይ፣ ከዚያ ሐረር። ተደምሮ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ሲወጣ ሞተር ያቃስታል፣ ሲወረድ ፍሬን ይግላል። ከደንገጎ ወርዶ የቆመ መኪና ጎማው አጠገብ እጅህን ብታስጠጋ እንደ ምጣድ ይገርፍሃል።

ሁለት ነገር ልብ በሉልኝ፣ በኋላ ይመጣሉ። አንደኛ፣ ሲወረድ ጎማው መሃል ያለው ብረት ሁሉ ይግላል። ሁለተኛ፣ የመኪናዋ ኤሲ ከሞተ ዓመታት አልፈውታል፣ ስለዚህ የሾፌሩ መስኮት ክረምት ከበጋ ክፍት ነው።

የደቻቱ ቀን

2016 ዓ.ም.፣ ነሐሴ። ጎረቤቴ ከሐረር ሲመለስ ላይ ዘንቦ ነበር። ድልድዩ ጋ ሲደርስ ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ አይሱዙው ተቆላልፎ ቆሟል። ድሬን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ደግሞ ጎርፉ አልፎለት ቀጭን ውሃ ብቻ ቀርቶታል። እሱም አሸዋው ላይ ወርዶ በውሃው አቋረጠ። ውሃው የቸርኬውን ግማሽ ይደርስ ነበር አለኝ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ደቻቱ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በአንድ ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የወሰደ ወንዝ ነው። ድሬ ላይ ፀሐይ እያለ ላይ በዘነበ ዝናብ ይሞላል። ለአሥር ደቂቃ ትራፊክ ብሎ የሚገባበት ሰው ኩሽኔታ ብቻ ከከሰረ ዕድለኛ ነው። ነግሬዋለሁ።

ወደ ጎማው ስንመለስ፦ በደንገጎ ቁልቁለት የጋለ ብረት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ገባ። ኩሽኔታ ግራሶ ተሞልቶ በጎማ ማሸጊያ የተከደነ ነገር ነው። ሲግል ውስጡ ያለው አየር ይሰፋል፤ በድንገት ሲቀዘቅዝ ይሸማቀቅና ወደ ውስጥ ይስባል። ማሸጊያው ትንሽ ያረጀ ከሆነ የሚስበው ውሃና ደለል ነው። ይህን ያኔ ማናችንም አላሰብነውም።

የመጀመሪያው ድምፅ፦ ሲጥጥ

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ከግቢ ስትወጣ ጥርስ የሚያንጨረጭር የብረት ድምፅ አሰማች። ሲጥጥ፣ ሲጥጥ፣ በቀስታ ስትሄድ ከጎማው ዙር ጋር አብሮ የሚሄድ። ከግራ የፊት ጎማ መሆኑ ውጭ ለቆመ ሰው ሁሉ ግልጽ ነበር።

ድሬ ውስጥ ታይዋን በሚባለው ቦታ አካባቢ ወዳለ ጎሚስታ ሄደ። ልጁ በክሪክ አነሳ፣ ጎማውን ፈታ፣ በባትሪ አየ። ከፍሬን ዲስኩ ጀርባ ስስ ላሜራ አለች፣ አቧራና ጠጠር እንዳይገባ የምትከልል። በእሷና በዲስኩ መሃል የደቻቱ ጠጠር ተሰንቅሮ ነበር። ላሜራዋን በካቻቢቴ ገፋ አደረጋት፣ ጠጠሩ ወደቀ፣ አለቀ። አሥር ደቂቃ።

ይህ ሥራ ትክክል ነበር። ምንም እንከን የለውም። መዘዙ የመጣው ትክክል በመሆኑ ነው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ በሁላችንም ጭንቅላት ውስጥ «የግራ ጎማ ችግር አለበት» የሚል ማስታወሻ ተጻፈ።

ሁለተኛው ድምፅ፦ እምምም

መስከረም አጋማሽ ላይ ጎረቤቴ ደወለና «ያ ድምፅ ተመለሰ» አለኝ።

«ተመለሰ» የምትለው ቃል ናት ያስከፈለችን። የመጣው ድምፅ ከመጀመሪያው ጋር ምንም ዝምድና አልነበረውም። የመጀመሪያው የብረት ፍጭት ነበር፣ በቀስታ ጉዞ የሚሰማ። ይሄኛው ወፍራም ጉምጉምታ ነው፣ ሩቅ ያለ ወፍጮ ቤት የሚመስል። እስከ 40 ኪሎ ሜትር በሰዓት ዝም፤ ከዚያ ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ 60 ላይ ከሬዲዮው ጋር ይፎካከራል፤ 80 ላይ የእግር መርገጫው ይንዘረዘራል። ቃሉን ተቀብዬ «ጠጠሩ ሳይሆን አይቀርም» አልኩት። ላሜራዋን እንደገና አየን። ምንም የለም።

በዚያው ቅዳሜ ሁለታችን ማጣራት ጀመርን። እውነት ለመናገር ይህን ክፍል በደንብ ሠርተነዋል።

60 ላይ ማርሹን ዜሮ አድርገን ለቀቅናት። ጉምጉምታው አልተለወጠም። የሞተሩ ዙር ወርዶ ድምፁ ካልወረደ ሞተሩ ከደሙ ነፃ ነው። ድምፁ የሚከተለው የጎማውን ፍጥነት ነው ማለት ነው።

ፍሬን ስንነካ ለውጥ የለም። ሸራው ያለቀ ፍሬን ብዙ ጊዜ ሲረገጥ ወይ ይጮኻል ወይ ዝም ይላል፣ እንዲሁ ግድ አጥቶ አይቀጥልም።

ባዶ ሜዳ ላይ መሪውን እስከ መጨረሻው አዙረን፣ ነዳጅ እየሰጠን፣ በግራም በቀኝም ክብ ዞርን። የሲቪ ጆይንት (የሞተሩን ኃይል ወደ ጎማው የሚያደርሰው መገጣጠሚያ) በሽታ እዚያ ነው የሚታወቀው፤ ሲያልቅ ቀጭ ቀጭ ቀጭ ይላል። አላለም።

ቀረን ጎማና ኩሽኔታ። ጎማ ያለ እኩል ሲበላ ልክ እንደ ኩሽኔታ ነው የሚያጉረመርመው፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። ልዩነቱ፣ የጎማ ድምፅ ከመንገዱ ጋር ይለዋወጣል። ለስላሳ አስፋልት ላይ አንድ ዓይነት፣ የተላላጠ አስፋልት ላይ ሌላ። የእኛው ግን የትም አንድ ነው። የጎማዎቹን ጥርስ በእጃችን ዳሰስን፣ ወጣ ገባ የለውም።

ኩሽኔታ ነው አልን። እዚህ ድረስ ልክ ነበርን።

«የቱ?» ሲባል ሁለታችንም ሳንጠያየቅ «ግራ» አልን። ሾፌሩ የሚቀመጠው በግራ ነው። የተከፈተው መስኮት የግራው ነው። ጠጠሩ የተገኘው በግራ ነው። ጆሯችንም ግራ ብሎ ማለ።

መዶሻው

ጋራዡ ውስጥ መካኒኩ ሁለቱንም የፊት ጎማ በክሪክ አነሳ። ላይና ታች ይዞ ወዘወዘ። ጨዋታ የላቸውም፣ ማለትም አልላሉም። በእጁ አሽከረከራቸው። አጠገባችን ላሜራ የሚቆርጡ ስለነበሩ የማንም ጎማ ድምፅ አይሰማም። «ጨዋታ የለውም እኮ» አልኩት። «ውሃ የገባበት ኩሽኔታ ሳይላላ ነው የሚጮኸው» አለ። እውነቱን ነው፤ ጨዋታ የሌለው ኩሽኔታ ሁሉ ጤነኛ አይደለም፣ ብዙዎቹ ልቅ ከመሆናቸው ከወራት በፊት ይጮኻሉ። «የትኛው ነው የሚጮኸው?» ብሎ ጠየቀ። «ግራው» አልን በአንድ አፍ።

እሱም አመነን። ደንበኛ ሁለት ሆኖ እየማለ ምን ይሁን? እዚያች ጥያቄ ላይ ራሱ ነድቶ ቢሰማ ጥሩ ነበር፣ ግን ሰዓቱ ወደ ስድስት ተጠግቷል። ድሬ ላይ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ የሚያፋጥን ነገር የለም፣ ሰው ሁሉ ወደ ጥላው ይሰበሰባል፣ እስከ አሥር ድረስ ከተማዋ ትተኛለች። ሁላችንም መጨረስ ፈልገን ነበር።

የዚህ መኪና ኩሽኔታ በብሎን የሚታሰር አይደለም። በብረት ቤቱ ውስጥ ተጠቅጥቆ ነው የሚገባው። መካከሉ ላይ ደግሞ ሞዞው፣ ማለትም ቸርኬው የሚታሰርበት ክፍል፣ ተጠቅጥቆ ይገባል። ይህ የፕሬስ፣ ማለትም ብረትን በእኩል ግፊት የሚገፋ ማሽን፣ ሥራ ነው። ጋራዡ ፕሬስ አልነበረውም፣ የነበረው አራት ኪሎ መዶሻና አሮጌ የብረት ቱቦ ነው። አሮጌው በመዶሻ ወጣ፣ አዲሱ በመዶሻ ገባ። ስንቱ በዚህ መንገድ ሠርቶ ዓመት ነድቷል፣ አውቃለሁ። እኔም አጠገብ ቆሜ ቱቦውን ይዤለት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ነዳናት። 40፣ 50፣ 60። እምምምም።

አዲሱ ሳይከርም ስም ወጣለት

የሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት አስቂኝ ነበሩ። ማንም «ምናልባት ግራው አልነበረም» አላለም። የተባለው «ኩሽኔታው ቻይና ነው» ነው። ሻጩ ጋ ሄደን ተጨቃጨቅን። ሰውየው «ወላሂ ኦሪጅናል ነው» አለ፣ እኛ ደግሞ አላመንነውም። ዛሬ ይቅርታ እንጠይቀዋለን ብለን አስበናል፣ እስካሁን ግን አልሄድንም።

ቀጥሎ ጎማ ማዘዋወር መጣ። የፊቱን ወደ ኋላ፣ የኋላውን ወደ ፊት። ይህ ርካሽና ጥሩ ምርመራ ነው፤ ድምፁ ከጎማው ጋር ወደ ኋላ ከሄደ ጥፋተኛው ጎማው ነው። አልሄደም። መጀመሪያ ቀን ማድረግ የነበረብንን ሁለት ሳምንት ዘግይተን አደረግነው።

አንዱ ወዳጃችን ደግሞ «አቦ ሬዲዮውን ከፍ አድርገው» አለ። ይህም ተሞክሯል።

የባቡሩ ሰው

ሰፈራችን ከምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረታ የወጡ አንድ አዛውንት አሉ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬ ደርሶ ከተማዋን ከወለዳት ወዲህ የድሬ የብረት ሙያ በአብዛኛው ከዚያ ወርክሾፕ የመጣ ነው፤ ሽማግሌ መካኒክ ካገኘህ ወይ እዚያ ሠርቷል ወይ እዚያ የሠራ ሰው አስተምሮታል። (ፊት ለፊት «አንተ» ነው የምንላቸው። ድሬ ላይ አንቱታ ብዙም ቦታ የለውም። ስጽፍ ግን እጄ እምቢ አለኝ።)

ጎረቤቴ አንድ ማታ ብሶቱን ሲያወራ ሰሙት። ስለ ኩሽኔታው ጥራት አልጠየቁም። የጠየቁት፦ «መስኮት ዘግታችሁ ሰምታችኋል?»

አልሰማንም።

«ሲታጠፍስ ምን ይላል?»

አናውቅም።

«የወጣው ኩሽኔታ የት አለ?»

ይሄንንም አናውቅም።

«አብሽሩ» አሉ፣ «ነገ ጠዋት ሳይሞቅ እንውጣ።»

ምስክር አንድ፦ ክብደት

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው መንገድ ወጣን። እኔ ነዳሁ፣ ጎረቤቴ ከጎን፣ እሳቸው ከኋላ መሃል ላይ። አራቱም መስኮት ተዘጋ። በአምስት ደቂቃ ሻወር የወሰድን መሰልን። ግን መስኮቱ እንደተዘጋ ድምፁ «ግራ» መሆኑን አቆመ። ከወለሉ ሁሉ የሚመጣ ሆነ። የግራ መስኮት ሲከፈት ደግሞ ወዲያው ተሰብስቦ ወደ ግራ ይሄዳል። ሦስት ጊዜ ከፍተን ዘጋን፣ ሦስቴም እንዲያው። ለካ ስንሰማ የከረምነው ድምፁ የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ጎማና ኩሽኔታ ያሰማው ሁሉ በብረቱ አካል ውስጥ ይሰራጫል፣ ወደ ጆሮ የሚደርሰው ግን ክፍት በሆነው በኩል ነው።

ከዚያ መንገዱ ባዶ ሲሆን በ60 መሪውን በቀስታ ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ እንዳወዛውዝ አዘዙኝ። ወደ ግራ ሳዞር ጉምጉምታው ወፈረ። ወደ ቀኝ ስመልስ ሳሳ፣ ሊጠፋ ምንም አልቀረው።

መኪና ወደ ግራ ሲታጠፍ ክብደቱ ወደ ቀኝ ጎማ ይዛመማል። በሚኒባስ ውስጥ ቆመህ የምታውቀው ነገር ነው፣ ወደ ግራ ሲታጠፍ ሰው ሁሉ በቀኝ በኩል ያለው መስኮት ላይ ይለጠፋል። ክብደት ሲጫንበት የሚጮኸው የታመመው ነው። ስለዚህ ጥርጣሬው ወደ ቀኝ ዞረ።

እኔ «በቃ ታወቀ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ግን ኩሽኔታው ውስጥ ጥይቶቹ፣ ማለትም የሚሽከረከሩት የብረት ኳሶች፣ በሁለት ረድፍ ስለሆኑ አንዳንዴ የታመመው ረድፍ በተቃራኒው ጊዜ የሚጮህበት አለ አሉ። «አንድ ምስክር ቀጥ አድርጎ ቢናገርም አንድ ነው።»

ምስክር ሁለት፦ ሙቀት

ይህኛው ነው የወደድኩት። ድሮ ባቡር ጣቢያ ሲቆም ሠራተኛው በየፉርጎው እየዞረ የጎማውን ዘንግ መያዣ በእጁ ይዳስስ ነበር አሉ። ግራሶ የጎደለበት ወይ የተጎዳ ከሆነ ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። እጅ ሲሰማ ጆሮ ገና አልሰማም።

እኔ ወዲያው «ታዲያ ከደንገጎ ወርደን እንዳስስ» አልኩ። ሳቁ። ቁልቁለቱን በፍሬን የወረደ መኪና አራቱም ጎማ ይግላል፣ ከየትኛው ሙቀት ኩሽኔታውን ልትለይ ነው? ሽቅብ ነው መሄድ ያለብን፣ ፍሬን ሳንነካ። በነገራችን ላይ ሐረር ሲደርስ ጎረቤቴ አንድ ሁለቴ «የጋለ ብረት ሸተተኝ» ብሎ ነበር፣ ፍሬን ነው ብለን አልፈነዋል። ሽቅብ ወጥቶ የፍሬን ሽታ ከየት ይመጣል? አልጠየቅንም።

ደንገጎን ወጣን። አናቱ ላይ እግሬን ከነዳጅ አንስቼ ዳገቱ ራሱ እንዲያቆማት ተውኩ፣ መጨረሻ ላይ የእጅ ፍሬን ብቻ ሳብኩ፤ እሱ የኋላውን ነው የሚይዘው። የቸርኬዎቹን መሃል ዳሰስን። ዲስኩን አይደለም፣ መሃሉን፤ በእጅ ጀርባ፣ መጀመሪያ አስጠግቶ ከዚያ ነካ አድርጎ፣ መቃጠል አለና። ግራው ለብ ያለ ነው። ቀኙ ላይ እጄ ሁለት ሰከንድ አልቆየም።

ለጥንቃቄ ቀኙን በክሪክ አንስተን አሽከረከርነው። ፍሬኑ ተጣብቆ ቢሆን እንዲሁ ያግላል፣ ስለዚህ ሙቀት ብቻውን አይፈርድም። ጎማው ያለ ምንም ትግል ዞረ። ፍሬኑ ነፃ ነው።

ምስክር ሦስት፦ ጣት

ቤት ተመልሰን፣ ፀጥታ ባለበት ግቢ፣ ጎማውን በአንድ እጅ እያሽከረከርን ሌላውን እጅ በጎማው ላይ ያለው ሞላ ላይ አሳረፍን። ሞላው የጎማውን ንዝረት ሰብስቦ ለጣት ይነግራል። የግራው ሞላ ዝም ብሏል። በቀኙ ላይ ጉንዳን ይሄድ ነበር። ሌላ ቃል አላገኘሁለትም፣ ደቃቅ፣ ሻካራ፣ የማያቋርጥ ጉዞ።

መካኒኩም ያን ቀን አሽከርክሮት ነበር። ግን በላሜራ ጩኸት መሃል በጆሮ ፈለገው። ጣት ጩኸት አይረብሸውም።

ምስክር አራት፦ ጋሪው

የወጣው የግራ ኩሽኔታ ግን የት ገባ? ጋራዡ ሄድን። መካኒኩ ቆሻሻ ጣሳውን አየ፣ የለም። በኋላ ጎረቤት ያለ የአሥር ዓመት ልጅ ለኩሽኔታ ጋሪው እንደወሰደው ታወቀ። የጋሪውን የፊት ጎማ ለመፍታት አንድ ሚሪንዳ ተከፈለ።

በናፍጣ አጥበን ከፈትነው። በመዶሻ ሲወጣ የተጫረው ቦታ አለ፤ ከዚያ በቀር ጥይቶቹ የሚሄዱበት መንገድ እንደ መስታወት ነው። ማዕዘን ላይ የቀረው ግራሶ ንጹሕ ነው። ይህ ኩሽኔታ ገና ብዙ ዓመት ይቀረው ነበር።

ጎረቤቴ ለረጅም ጊዜ አላወራም። ከዚያ «ልጁ ጋሪ ላይ ዝም ብሎ ሲሽከረከር ነበር እኮ፣ እኔ ራሴ በራፌ ላይ አይቸዋለሁ» አለ።

ጥገናው

በዚህኛው ጊዜ ፕሬስ ያለው ቤት ፈለግን። ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ነው፣ ፕሬስ ጎን ለጎን አለው። መካኒኩ ክፍሉን ፈትቶ አመጣለት። አሞርዛተሩ ላይ የሚታሰርባቸውን ብሎኖች ከመፍታቱ በፊት በቀለም ምልክት አደረገ፣ የጎማው አቋም እንዳይዛባ። በኋላም አላይመንት አየን፣ ብዙ አልሄደም።

አሮጌው የቀኝ ኩሽኔታ ሲከፈት ታሪኩ ተነበበ። ግራሶው ወተት እንደገባበት ሻይ ነበር፣ ቡናማና የተበጠበጠ። ጥይቶቹ የሚሄዱበት መንገድ በአንድ በኩል ዝገት የበላው፣ የተፈነቀለ ጉድጓድ ያለበት ነው። ደቻቱ እዚያ ውስጥ ነበር።

ስለ ፕሬሱ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ዋናው ነጥብ እዚህ አለ። ኩሽኔታ የውጭ ቀለበትና የውስጥ ቀለበት አለው፣ በመሃላቸው ጥይት። ወደ ብረት ቤቱ ስታስገባው መገፋት ያለበት የውጭው ቀለበት ብቻ ነው። ሞዞውን ስታስገባ ደግሞ የውስጡ ቀለበት ከሥር መደገፍ አለበት። ይህ ካልተጠበቀ ግፊቱ በጥይቶቹ በኩል ያልፋል፣ ጥይቶቹም ለስላሳውን መንገድ ይረግጡትና ጠባሳ ይጥሉበታል። ዓይን አያየውም። በእጅ ሲዞርም ያው ነው። ቆይቶ ግን ይጮኻል። መዶሻ ደግሞ የውጭና የውስጥ ቀለበት አይለይም።

የመሃሉን ትልቅ ዳዶ በአዲስ ቀየርነው፣ አንዴ ጠርዙ ተመትቶ የታሰረ ስለሆነ ድጋሚ ባይታሰር ይመረጣል። የማጥበቂያው መጠን ለዚህ ኮሮላ 216 ኒውተን ሜትር ነው። የቸርኬው ዳዶዎች 103። መለኪያ ያለው ቁልፍ ከቶርኖ ቤቱ ተዋስን። «በጉልበቴ አውቀዋለሁ» የሚል ሰው አጠገባችን ነበር፣ በትህትና አለፍነው።

ማታ መልካ ጀብዱ መንገድ ላይ 80 ነዳናት። ዝምታው ራሱ እንግዳ ነበር። ጎረቤቴ የኋላ መብራት ማብሪያው የሚያሰማውን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማ።

ምን ሠራ፣ ምን አልሠራ

ሞተርን፣ ፍሬንን፣ ሲቪ ጆይንትንና ጎማን አንድ በአንድ ማስወጣታችን ሠርቷል፣ ዋጋውም የነዳጅ ብቻ ነው። በመወዝወዝ ጨዋታ መፈለግ እዚህ ምንም አልነገረንም። ጎን ለመለየት በጆሮ መተማመን ደግሞ ሙሉ በሙሉ ጣለን።

መካኒኩ ላይ ብዙ አልፈርድም። እኛ ነን ምልክቱን ትተን ፍርዱን ይዘን የሄድነው። «60 ላይ የሚያጉረመርም ነገር አለ፣ ነድተህ ስማው» ብንለው ኖሮ ሌላ ጥያቄ ይጠይቅ ነበር። «የግራ ኩሽኔታ ቀይርልን» የሚል ደንበኛ ግን የግራ ኩሽኔታ ይቀየርለታል። አሁን ጎረቤቴ ጋራዥ ሲሄድ ስለ ድምፁ አራት ነገር በወረቀት ጽፎ ይሄዳል፦ መቼ ጀመረ፣ በስንት ፍጥነት፣ ሲታጠፍ ምን ይሆናል፣ ፍሬን ሲያዝ ምን ይሆናል። የትኛው ክፍል እንደሆነ አይጽፍም።

ሁለተኛው ድምፅ የመጀመሪያው ልጅ አይደለም። በአንድ ወር ውስጥ በአንድ መኪና ላይ ሁለት ድምፅ ከመጣ እንደ ሁለት እንግዳ ተቀበላቸው። እዚህ ሁለቱም ከአንድ ወንዝ መጥተው በሁለት ጎማ ነው የገቡት።

የወጣውን ዕቃ ደግሞ ከጋራዥ ሳይይዙ መውጣት የለም። ያን ቀን እዚያው ጣሳው ላይ ብንከፍተው ኖሮ ሻጩን አንሰድብም ነበር።

ከዚያ ወዲህ

በጥር አጋማሽ ጎረቤቴ ደወለ። «እንዳትስቅ» አለ።

እምምም። በዚህኛው ጊዜ መስኮት ዘጋን፣ አወዛወዝን፣ ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ነው የሚወፍረው። ደንገጎ ወጣን፣ የግራው መሃል ነው የጋለው። ሞላው ላይ ጉንዳኑ በግራ በኩል ነው። ያ በመዶሻ የገባው፣ ከአራት ወር በኋላ። ቶርኖ ቤቱ ጋ ተመልሰን በፕሬስ አስቀየርነው፣ በዚህ መንገድ ለአንድ በሽታ ሦስት ኩሽኔታ ተገዛ።

ባለ ጋሪው ልጅ ሁሉንም ወስዷል። አሁን ሦስት አሉት፣ ጋሪው ግን አራት ይፈልጋል። ጎረቤቴ ከመኪናው ሲወርድ ባየው ቁጥር በራፉ ላይ ጠብቆ ይጠይቀዋል፦ «ጋሼ፣ የኋላው አልጮኸም እንዴ?»